ሲሮጡ የታጠቁት፤ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ታሪክና የጎልማሳው ጀማሪ ምርጫ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የተነገረው ስለ ወገብ መታጠቂያ ነው። ይሁን እንጂ በበረዶ ሜዳ ላይ ለመንሸራተት ጫማ ለሚመርጥ ሰው ከዚህ የበለጠ ምክር አይገኝም። ክቡር አንባቢ፣ ነገሩ ከእኛ ኑሮ የራቀ መስሎ ይታይዎት ይሆናል። ነገር ግን ስንቱ ወገናችን ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ልጆቹን ለመጠየቅ ወደ ቶሮንቶ፣ ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ስቶክሆልም ይሄዳል! የብርዱ ወራት ሲገባም ወዳጆቹ ወደ በረዶ ሜዳ ይወስዱታል። እርሱ በመሥሪያ ቤቱ የተከበረ፣ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነውና በሕፃናት ፊት መውደቅን ያፍራል። ስለዚህ ወደ ጫማው መደርደሪያ ሲቀርብ ችኮላ ያድርበታል፤ ሰፊውንና ለስላሳውን አንሥቶ ያጠልቃል፤ ክሩንም እንደ ነገሩ አስሮ ይገባል። ጥቂት እንደ ተራመደ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ይወድቃል። ተነሥቶም «ይህ ነገር በልጅነት ካልሆነ አይሆንም» ብሎ ይመለሳል።

ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕድሜው ሳይሆን የጫማው ነው። የመንሸራተቻው ጫማ ታሪክ ራሱ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ አንድ ጥያቄ ለመፍታት የተደረገ ድካም ነውና። ጥያቄውም፣ እግርንና ከእግር በታች ያለውን ነገር አጣምሮ እንደ አንድ አካል እንዲታዘዝ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? የሚል ነው። ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት፤ ምክሩ ከታሪኩ ይወጣልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐይቅና ወንዝ እንደ ድንጋይ በሚጠጥርበት በሰሜን አውሮፓ፣ ሰዎች መጀመሪያ ከእግራቸው በታች ያሰሩት የእንስሳ አጥንት ነበር። የፈረስ ወይም የከብት ቅልጥም በአንድ ወገን ተልጎ ይለሰልስና በጠፍር ከጫማ ጋር ይታሰራል። በ12ኛው መቶ ዓመት ዊልያም ፊትዝስቲቨን የተባለ የለንደን ሰው የቶማስ ቤኬትን የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ በመግቢያው ስለ ከተማው ጨዋታዎች ተርኳል። ከከተማው ቅጥር በስተሰሜን ያለው ረግረግ በጠጠረ ጊዜ ወጣቶች በእግራቸው አጥንት አስረው፣ በእጃቸው ጫፉ ብረት የሆነ ዘንግ ይዘው፣ በረዶውን በዘንጉ እየወጉ እንደ ወፍ ይፈጥኑ እንደ ነበር፣ እርስ በርሳቸውም እየተጋጩ እጅና እግራቸው ይሰበር እንደ ነበር ይነግረናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። አጥንት ስለት የለውም፤ በረዶውን ሊነክስ አይችልም። ስለዚህ እግር የሚጫነውን ተሸክሞ ይንሸራተታል እንጂ አይገፋም፤ የሚገፋው ክንድ ነው። ባለ አጥንቱ ሰው በበረዶ ላይ የሚሄድ ቢሆንም፣ ለመዞርም ሆነ ለመቆም ዘንጉን ይለምናል።

ይህን የለወጡት የሆላንድ አገር ሰዎች ናቸው። አገራቸው ዝቅ ያለና በቦይ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ቦዩ ሲጠጥር መንገድ ይሆናል፤ ገበሬውም ነጋዴውም ይሄድበታል። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ላይ ከእንጨት በተሠራ መርገጫ ሥር ስለት ያለው ብረት ማግባት ጀመሩ። ብረቱ ጠርዙ በረዶውን ስለሚነክስ አንዱ እግር ወደ ጎን ሲገፋ ሌላው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ዘንጉም ከእጅ ወደቀ። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ሥዕል አለ። ሊድዊና የተባለች የስኪዳም ከተማ ልጅ፣ ዕድሜዋ 15 ዓመት ሳለ፣ ከ1395 እስከ 1396 በነበረው የብርድ ወራት በበረዶ ላይ ወድቃ የጎን አጥንቷ ተሰበረ፤ ከዚያም በ1433 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ በሕመም ኖረች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የበረዶ ተንሸራታቾች ጠባቂ ቅድስት አድርጋ ታከብራታለች። በ1498 ዓ.ም. በታተመው ገድሏ ውስጥ አወዳደቋን የሚያሳይ በእንጨት የተቀረጸ ሥዕል ይገኛል። በሥዕሉ ጀርባ አንድ ሰው ዘንግ ሳይዝ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን ወደ ኋላ አንሥቶ ሲሄድ ይታያል። ይህ ሰው የዛሬው ተንሸራታች አባት ነው።

የብረቱ ነገር እንዲህ ቢሳካም፣ የእስራቱ ነገር ግን ገና አልተፈታም ነበር። እንጨቱ ከጫማ ጋር የሚያያዘው በጠፍር ነው። ጠፍር ደግሞ ሲርስ ይለጠጣል፤ እንዳይላላ እጅግ ሲጠብቅም ደም ይከለክላል። ቢሆንም ጨዋታው ከሆላንድ ወደ ጎረቤት አገሮች ተስፋፋ። የእንግሊዝ ንጉሥ 2ኛ ቻርልስ በ1660 ዓ.ም. ከስደት ሲመለስ፣ በሆላንድ ስደተኞች ሆነው የቆዩት መኳንንት ይህን ጥበብ አብረው አመጡ። ሳሙኤል ፒፕስም በ1662 ዓ.ም. በለንደን የሴንት ጄምስ መናፈሻ ሰዎች በብረት ሲንሸራተቱ አይቶ በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። በኤዲንብራ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1772 ዓ.ም. ሮበርት ጆንስ የተባለ የመድፈኛ መኰንን ስለዚህ ጥበብ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተመ። ተንሸራታቾቹ ከእንግዲህ መሄድ ብቻ አልበቃቸውም፤ በብረቱ ጠርዝ በበረዶ ላይ ክብና ስምንት ቍጥር የመሰለ ቅርጽ መሣል ያዙ። «የቅርጽ መንሸራተት» የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ሁለንተናው ብረት የሆነ፣ ጫማን በመቆንጠጫ የሚይዝ መንሸራተቻ ወጣ። ከጠፍሩ ይሻላል፤ ነገር ግን ጥርሱ ሲላላ ይወልቃል። በ1860ዎቹ ዓመታት ከኒው ዮርክ የተነሣው ጃክሰን ሄይንስ የተለየ መንገድ ተከተለ። ይህ ሰው የባሌት ዳንስ የተማረ ነበርና፣ በበረዶ ላይ መዝለልና መሽከርከር ፈለገ። በጠፍርም በመቆንጠጫም ይህ እንደማይሆን ስላየ ብረቱን ከጫማው ሶልና ተረከዝ ጋር በብሎን አጣበቀው። እነሆ፣ ጫማውና ብረቱ አንድ ዕቃ ሆኑ! በአገሩና በእንግሊዝ ሰውነትን አድርቆ መሄድ እንደ ጨዋነት ይቈጠር ስለ ነበር አካሄዱ ብዙ አልተወደደለትም። የቫልስ ሙዚቃ ከተማ የሆነችው ቪየና ግን በደስታ ተቀበለችው። ሄይንስ በ1875 ዓ.ም. በፊንላንድ በኮኮላ ከተማ ሞቶ በዚያው ተቀበረ። የተወው ጥበብ ግን የዓለም ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄዷል። በ1876 ዓ.ም. ጆን ጋምጂ በለንደን በማሽን የሚጠጥር የበረዶ ሜዳ ከፈተ፤ በ1892 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የበረዶ መንሸራተት ማኅበር በሆላንድ ተመሠረተ። በ1902 ዓ.ም. እንግሊዛዊቷ ማጅ ሳይርስ ከወንዶች ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። ኖርዌያዊቷ ሶንያ ሄኒ በ1928፣ በ1932ና በ1936 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ወርቅ ስትወስድ፣ የምታደርገው ነጭ ጫማ በዓለም ሴቶች ዘንድ ተወደደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በነጭነቱና በማማሩ ጫማ ይገዛል። ሄኒን ያቆማት ግን ቀለሙ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ፣ ይህን ታሪክ ይዘን ወደ ሱቁ እንግባ። ሱቁ ከመግባትዎ በፊት ጥቂት ቀን በኪራይ ጫማ ቢለማመዱ መልካም ነው፤ ጨዋታው ይወደድልዎት አይወደድልዎት እንደ ሆነ ያውቃሉና። ነገር ግን የኪራይ ጫማ ብዙ እግር ያላላው፣ ብረቱም የደነዘ ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ላይ በራስዎ አይፍረዱ።

መግዛት በቈረጡ ጊዜ የመጀመሪያው ነገር ልክ ነው። እግርዎን በሴንቲ ሜትር ያስለኩ እንጂ በከተማ ጫማዎ ቍጥር አይመሩ፤ የመንሸራተቻው ቍጥር ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳልና። ስስ ካልሲ አንድ ብቻ ያድርጉ። ሁለት ወፍራም ካልሲ ለብሶ ሰፊ ጫማ ማጥለቅ የጠፍሩን ዘመን መመለስ ነው። ቆመው ጉልበትዎን ሲያጥፉ ተረከዝዎ ከጫማው ወለል መነሣት የለበትም፤ ጣቶችዎ የጫማውን ጫፍ በቀስታ ይነካሉ እንጂ አይታጠፉም። ተረከዝ ከተነሣ፣ ብረቱ በብሎን ቢታሰርም እግሩ ከጫማው አልታሰረምና የሄይንስ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ነው። ጫማው እጅግ ለስላሳ ከሆነ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። የጎልማሳ ክብደት ከሕፃን ክብደት ስለሚበልጥ፣ ለልጅ የሚበቃው ለእርስዎ አይበቃም። በሌላ በኩል ግን «ውድ የሆነው ይሻላል» ብለው በአየር ላይ ለሚሽከረከሩ ሻምፒዮናዎች የተሠራውን ቢገዙ፣ ድርቀቱ ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ፊት እንዳያጥፉ ይከለክልዎታል፤ ጉልበቱን ያላጠፈም ሚዛን የለውም። ለጀማሪ ጎልማሳ የሚስማማው በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

ሦስተኛው ብረቱ ነው። የቅርጽ መንሸራተቻ ብረት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ከሥሩ እንደ ቦይ ስለተቦረቦረ ሁለት ጠርዝ አለው፤ አንዱ የውስጥ፣ አንዱ የውጭ። በጫፉ ያሉት ጥርሶች ለዝላይና ለመሽከርከር የተሠሩ ናቸው። ጀማሪውን አንዳንድ ጊዜ ቢያደናቅፉትም፣ ክብደቱን ወደ ጣቱ ማጋደሉን ይነግሩታልና በሞረድ አያስቈርጧቸው። አዲስ ብረት ብዙ ጊዜ ሳይሳል ይሸጣል፤ ስለዚህ ሥራውን በሚያውቅ ሰው ያስሉት። ተንሸራተው ሲጨርሱ በጨርቅ ያድርቁት፤ በእርጥቡ በፕላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ የተተወ ብረት ይዝጋል።

የመጨረሻው አስተሳሰሩ ነው፤ የአባቶችም ምሳሌ እዚህ ላይ ይፈጸማል። ቁጭ ይበሉ፤ ተረከዝዎን ወደ ኋላ ገፋ ያድርጉ። ክሩን በጣቶችዎ በኩል ላላ፣ በቁርጭምጭሚቱ መታጠፊያ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ ጉልበት ለማጠፍ እንዲመች መለስ ያድርጉት። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆዳው ሲሞቅ ይላላልና ወጥተው እንደገና ይሰሩት። ይህን ማድረግ እንደ ፍርሃት አይቈጠርም፤ የታላላቆቹም ልማድ ነው።

ዕድሜን በተመለከተም ዓለም ፍርዱን ለውጧል። በአሜሪካ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለጎልማሶች ብቻ የተለየ ብሔራዊ ውድድር ይደረጋል፤ በጀርመን አገር በኦበርስትዶርፍም በ2005 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የጎልማሶች ውድድር ተጀምሯል። በረዶውም ቢሆን ከእኛ የራቀ አይደለም። በዚያው በ2005 ዓ.ም. በጎረቤታችን በናይሮቢ በአንድ ሆቴል ውስጥ የበረዶ ሜዳ ተከፍቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ተወላጅ ሮቤል ተክለማርያም በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ሩጫ ኢትዮጵያን ወክሎ ተሰልፏል። የእርሱ ስፖርት ሌላ ቢሆንም፣ የበረዶ በር ለእኛ እንዳልተዘጋ አሳይቷል።

ስለዚህ ክቡር አንባቢ፣ ያ ቀን ሲደርስብዎ በሕፃናት ፊት መውደቅን አይፈሩ፤ ያልወደቀ ተንሸራታች በታሪክ የለምና። የሚያሳፍረው መውደቅ ሳይሆን፣ ሰፊ ጫማ አድርጎ ወድቆ «ዕድሜዬ ነው» ብሎ መመለስ ነው። ሰው ከአጥንት ወደ ብረት፣ ከጠፍር ወደ ብሎን የመጣው እግሩን በመውቀስ አልነበረም፤ እስራቱን በማሻሻል ነው። እርስዎም ተቀምጠው በዝግታ ይታጠቁ፤ ሩጫው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።