በባሮ የመጣ መስታወት

ቡሬ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የምትለው የጎጃሟ ቡሬ ናት። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ኢሉባቦሯ ነው፤ ከመቱ ተነስቶ ጎሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ቆላውን ሳይዝ ስለሚያገኛት ከተማ። ስለ ቡናዋ ብጽፍ ማንም አይገረምም ነበር። ስለ አሮጌ መስታወት የምጽፈው ግን ምክንያት ስላለኝ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በምገባባቸው አንዳንድ ካፌዎችና አፓርታማዎች ግድግዳ ላይ ጠርዙ የጠቆረ፣ ፍሬሙ በእጅ የተቀረጸ መስታወት አያለሁ። «ቪንቴጅ ነው» ይሉኛል ባለቤቶቹ። ከመስኮት ትይዩ ሲሰቀል ብርሃን ይጨምራል፣ ጠባቡን ሳሎን ሰፋ ያደርገዋል፤ ይሄ እውነት ነው። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ግን መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ከክፍለ ሀገር።» ክፍለ ሀገር የሚባል ቤት ግን የለም። መስታወቱ የተሰቀለበት ግድግዳ፣ የገዛው ሰው፣ የተሸከመው ሰው ነበረው።

ቤትን በመስታወት ማሳመር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ከተማዋ የዳግማዊ ኢያሱን ዘመን ገና አልረሳችም ነበር። ብሩስ ስለዚያ ንጉሥ እልፍኝ ሲተርክ የግድግዳው ታችኛው ክፍል በዝሆን ጥርስ ያጌጠ፣ ከላዩ ደግሞ ከቬኒስ የመጡ መስታወቶች በወርቅ በተለበጠ የመዳብ ፍሬም ተያይዘው የተደረደሩበት እንደነበር ጽፏል። ፈረንሳዮች የቬርሳይን የመስታወት አዳራሽ 357 መስታወት ደርድረው የጨረሱት እ.ኤ.አ. በ1684 ነው። የጎንደሩ እልፍኝ ከዚያ ብዙም አልዘገየም። በሁለቱም ቦታ መስታወት የሚያሳየው የቆመበትን ሰው ፊት ብቻ አልነበረም፤ ሩቅ አገር ድረስ የሚዘረጋ እጅ እንዳለውም ጭምር ነው።

ያ ዕቃ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ቡሬ እስኪደርስ ሁለት ነገር መለወጥ ነበረበት፤ አሠራሩና መንገዱ።

መጀመሪያ አሠራሩ። የድሮው መስታወት ጀርባ ቲን ከተባለው ብረትና ከባዜቃ የተሠራ ነበር። ባዜቃው ሠራተኞቹን ይመርዝ ነበር፤ ዋጋውም ውድ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ እ.ኤ.አ. በ1835 ብርን ከፈሳሽ ውስጥ አውጥቶ በስስ ሽፋን መስታወት ላይ የሚያሳርፍበትን ዘዴ አገኘ። ዘዴው ተሻሽሎ ፋብሪካ ሲገባ መስታወት ረከሰ፤ ነጋዴ ከአቡጀዲና ከጨው ጋር የሚያስጭነው ሸቀጥ ሆነ።

ቀጥሎ መንገዱ። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን፣ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ተፈቀደ። ጋምቤላ የቆመችው በዚህ ነው። ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም በነጭ አባይ፣ በሶባትና በባሮ እየቀዘፉ ይመጣሉ፤ ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ የምዕራቡ ንግድ በክረምት የሚደራ ንግድ ነበር፤ ሌላው አገር በጭቃ ቤቱ ሲዘጋ ጋምቤላ ትከፈታለች። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ጋምቤላና ጎሬ ሱቅ ከፈቱ። ጎሬ በራስ ተሰማ ናደው ዘመን የኢሉባቦር መቀመጫ ሆና ነበርና የሚገዛ መኳንንትም አልጠፋም። በጎሬና በጋምቤላ መካከል ደግሞ ቡሬ አለች። ከቆላ የወጣ ዕቃ ደጋ መድረሱን የሚያውቀው እሷ ጋ ነው።

አሁን እስቲ መስታወት በዚያ መንገድ ሲጓዝ አስቡት። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ፣ ጎሬ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ጨው ቢወድቅ ይለቀማል። አቡጀዲ ቢረጥብ ይሰጣል። መስታወት ግን አንድ ጊዜ ነው። ቆላው ደግሞ የገንዲ ዝንብ ያለበት ስለሆነ ለበቅሎም ለፈረስም አይመችም፤ ብዙው ሸክም የሰው ጀርባ ነው የሚፈልገው።

የአባቴ እህት ቤት ቡሬ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ መስታወት አለ። እኛ ቤት በኦሮምኛው «አዳዳ» ነው የምንላቸው። መስታወቱ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ ከምስማር ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ወደ ፊት ዘመም ይላል፤ የፍሬሙ ጥጎች ላይ የሦስት ትውልድ ጉርድ ፎቶ ተሰክቷል። ነጎድጓድ ሲመጣ ነጠላ ይለብሳል። ጥፍሬን መስታወቱ ላይ ሳስጠጋ በጥፍሬና በምስሉ መካከል ያለው ክፍተት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ውፍረቱ እኩል አይደለም ማለት ነው። ራሴን ወዲያ ወዲህ ሳደርግ ፊቴ ውሃ ላይ እንዳለ ይወዛወዛል። እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዞች በቀለጠ ቲን ላይ የሚንሳፈፍ ዝርግ መስታወት መሥራታቸውን ካስታወቁ ወዲህ የተሠራው እንዲህ አያደርግም። ጀርባው ላይ ከሸቀጥ ሳጥን የተቆረጠ ጣውላ ተመቷል፤ ግማሹ የተቆረጠ የዐረብኛ ጽሕፈት ይታይበታል። ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አዳዳ ከአባታቸው ከሰሙት ጋር ግን ይገጥማል፤ «በመርከብ መጣ፣ ከባሮ በሰው ጀርባ ወጣ፣ በቡና ተገዛ።»

ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን ሲይዝ ጎሬ በራስ እምሩ ሥር የቀረው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ እሷም ተያዘች። በቤታችን ወሬ መስታወቱ ያን ጊዜ በጋቢ ተጠቅልሎ ቡና ጎተራ ውስጥ ከረመ። ጋምቤላ እ.ኤ.አ. በ1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች፤ የመርከቡም ዘመን እየደበዘዘ ሄደ፤ መስታወቱ ግን አለ።

ዓምና አንድ ገዢ መጣ። ልዋጭ እያለ የሚዞረው ዓይነት አይደለም፤ መኪና ያለው፣ በስልኩ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ነው።

«እማማ፣ መስታወቱ እኮ ሞቷል» አላቸው ጥቁሩን ጠርዝ እያሳየ። «የምፈልገው ፍሬሙን ነው። መስታወቱን አዲስ እናስገባበታለን።»

«መስታወቱን ካልፈለግኸውማ ጣውላ ቤት አለልህ» አሉት።

የሰጠው ዋጋ ትንሽ አልነበረም፤ የአዳዳ ቤት ጣሪያ ደግሞ ያፈሳል። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ «አይሸጥ» ማለት ይቀለኛል፤ ውሃው የሚንጠባጠበው እሳቸው አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ አላልኩም። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የቆረጡት፦ ከነመስታወቱ፣ ከነጣውላው የሚወስድ ከመጣ ይሸጣል፤ ፍሬሙን ብቻ የሚል ከሆነ አይሸጥም። እስካሁን አልተሸጠም፤ ጣሪያውም አልተሠራም።

ያ «ሞቷል» የተባለው ጠርዝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የብሩን ሽፋን ከኋላ የሚጠብቀው ቀለም ነው። ቀለሙ ሲሰነጠቅ እርጥበት ይገባል፣ ብሩ ይጠቁራል። ኢሉባቦር በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ ላይ የምድጃው ጭስ፣ የዕጣኑ ጭስ አለ። ያ ጥቁር ነጥብ የቡሬ ክረምት የተቆጠረበት ነው ማለት ይቻላል። አዲስ መስታወት ሲገባበት የሚቀረው ያማረ እንጨት ነው፤ ከየት መጣ ሲባል «ከክፍለ ሀገር» ከማለት ሌላ መልስ አይኖረውም።

ታሪኩ ሁሉ ያማረ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። «በቡና ተገዛ» የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ቡናውን የለቀመው እጅ ግን የባለቤቱ ላይሆን ይችላል። ያ ዘመን የገባር ዘመን ነው። ከባሮ ዳር እስከ ቡሬ ዳገቱን መስታወት ተሸክሞ የወጣውን ሰው ስም እኛ ቤት የሚያውቅ የለም፤ ያን መስታወት ገዝቶ ፊቱን ለማየት አቅም እንዳልነበረው ግን መገመት አያቅትም። አሮጌ ዕቃ ስንወድ ይሄንንም አብረን ካልያዝን የወደድነው ጌጡን ብቻ ነው።

ለሚገዙ ሰዎች የምለው ጥቂት ነው። ስትገዙ ሻጩን ከየትኛው ከተማ፣ ከየትኛው ቤት፣ በማን ዘመን ብላችሁ ጠይቁና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከጀርባው ለጥፉ። የጀርባውን ጣውላ ሳትነቅሉ ፎቶ አንሱት። ውሃ አትርጩበት፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ አብሱት። እርጥበት ከሚያሳልፍ የውጭ ግድግዳና ከመታጠቢያ ቤት አርቁት። ፊታችሁን አጥርቶ የሚያሳይ ከፈለጋችሁ አዲስ መስታወት ርካሽ ነው፤ እሱን ሌላ ቦታ ስቀሉ። የቡሬውን ግን ከነጥቁሩ ተዉት። ለሻጩም የፍሬሙን ብቻ ሳይሆን የመንገዱንም ዋጋ ክፈሉ፤ የሚያፈስ ጣሪያ ያለበት ቤት ሊሆን ይችላል።