የተመሰገነ ሥራ፣ የቆመ ዕድገት፦ ጎበዝ ሴቶች በመካከለኛ እርከን ለምን ይቀራሉ?

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ወር ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ሹመት ከላይ በአንድ ውሳኔ ይሰጣል፤ የደረጃ ዕድገት ግን ከታች ተነስቶ በየእርከኑ የሚገኝ ነው። ይህ መጣጥፍ ጎበዝ ሴቶችን መሀል ላይ የሚያስቀራቸው በቢሮ የሚመዘነውና በተግባር የሚያሳድገው ነገር መለያየቱ ነው ሲል ይከራከራል።

፩. ነጥብና ግምት

አለን ቤንሰን፣ ዳንየል ሊ እና ኬሊ ሹ በአንድ ትልቅ የሰሜን አሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት ያካሄዱት ጥናት ልዩነቱን ያሳያል። ሴቶቹ በሥራ አፈጻጸም ከወንዶቹ የተሻለ ነጥብ ቢያገኙም «የወደፊት አቅም» በሚለው መስፈርት ዝቅ ተደርገው ተገመቱ፤ ለዕድገት የመመረጥ ዕድላቸውም በ14 በመቶ አነሰ። አፈጻጸም በማስረጃ ይረጋገጣል፤ አቅም ግን በገማቹ ዓይን ይለካል።

በአገራችን የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ክፍት የሥራ መደብ ሲሞላ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጡ ሴቶች ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ድንጋጌ የሚደርሰው ግን ውድድር ሲኖር ነው። ከውድድሩ በፊት ልምድና ዕውቅና የሚያስገኙት ውክልና፣ ሥልጠናና የመስክ ጉዞ ብዙውን ጊዜ በኃላፊው ምርጫ ይደለደላሉ።

፪. የማያሳድግ ሥራ

ሊንዳ ባብኮክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ለዕድገት የማይቆጠር ሥራ ሲመጣ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ እንደሚጠየቁና እሺ እንደሚሉ አሳይተዋል። በእኛ ቢሮዎች ይህ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ እንግዳ ማስተናገድ፣ የለቅሶና የሠርግ መዋጮ መሰብሰብ ነው። በዚህ ላይ «እሷ ከተነሳች ሥራው ይበላሻል» የሚለው ምስጋና ይጨመራል፤ ጉብዝናዋ ራሱ ከቦታዋ እንዳትነሳ ምክንያት ይሆናል።

፫. ከሥራ ሰዓት በኋላ

የ2023 (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ ክላውዲያ ጎልዲን ረጅምና ያልተወሰነ ሰዓት ለሚሰጥ ሠራተኛ የተለየ ክፍያ የሚሰጡ ሙያዎች የጾታ ልዩነቱን እንደሚያሰፉ ታስረዳለች። ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ ለምትኖርና ካዛንቺስ ለምትሠራ እናት ይህ ሰዓት በመንገድ ይለካል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ–ምዕራብ ቀላል ባቡር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የአየር ጤና ታክሲ ወረፋ አለ። ከ11:30 በኋላ የሚጠራ ስብሰባ እሷን የሚያስከፍላት ልጇ የሚተኛበትን ሰዓት ነው። የቤቱን ኃላፊነት ሕጉም እኩል አያካፍልም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ሲሆን ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው።

ማጠቃለያ

ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። አየር መንገዱ መብረር የጀመረው በ1938 ዓ.ም. በመሆኑ በሩ ዘግይቶ መከፈቱ እውነት ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው መሰላል ግን የበረራ ሰዓትና ፈተና ስለሆነ ተቆጣሪ ነው። ቢሮዎችም የውክልናና የሥልጠና መስፈርታቸውን በጽሑፍ ቢያወጡ፣ የማያሳድገውን ሥራ በተራ ቢያዳርሱ፣ ወሳኝ ስብሰባን በሥራ ሰዓት ቢወስኑ ምስጋናውና ዕድገቱ ሊገናኙ ይችላሉ። ሴቶችን ብቻ «በራስ መተማመን» ማሠልጠን ግን መዛኙን ሳይነኩ ተመዛኟን ማረም ነው።