ከመጽሐፈ ሄኖክ እስከ ሬይድ፤ ቅጂ ስለ ማስቀመጥ

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ እኛ የቆላ ድባ ተማሪዎች ጽሑፍን ከጥፋት ስለ ማዳን ጥቂት ታሪክ እናቀርባለን። ነገሩ የጥንት ብቻ አይደለም። ዛሬ የተማሪ ውጤት በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ስለሚጻፍ፥ ዲስኩ የተበላሸ ቀን የብዙ ዓመት ድካም ያለ ማስረጃ ሊቀር ይችላል።

ከእኛ ከደምቢያ እምብዛም በማይርቀው በጎንደር፥ ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ተቀምጦ ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ብሩስ ከዚህ መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ገባ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ፥ አንዱን በኦክስፎርድ ላለው ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ሦስተኛውን ለራሱ አስቀረ። ያኔ ከሦስቱ አንዱ ቢቃጠል እንኳ ሁለቱ በሌላ ቦታ ነበሩ፤ ዋናውም በአገሩ አለ።

የመቅደላው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው በመቅደላ አከማቹ። አሳባቸው መልካም ቢሆንም ሁሉም በአንድ አምባ ላይ ነበረ። አምባው በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ሲወድቅ 350 ያህሉ መጻሕፍት ለንደን ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። (የተዘረፈ መጽሐፍ ቅጂ አይባልም፤ ቅጂ ዋናውን በቦታው ይተዋልና።) እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ወደ 9000 የሚሆኑ የአገራችን ጽሑፎች በማይክሮፊልም ተነሥተው፥ ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀመጠ።

እንግዲህ ወደ ዲስኩ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፓተርሰን፥ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ ምሁራን ርካሽ ዲስኮችን አሰባስቦ እንደ አንድ ማሠራት እንደሚቻል ጻፉ፤ ስሙንም ሬይድ አሉት። እያንዳንዳቸው 1 ቴራባይት የሚይዙ 4 ዲስኮች አሉን እንበል። ሬይድ 0 በተባለው ሥርዐት ጽሑፉ ለአራቱ ተከፋፍሎ ይጻፋል፤ 4 ቴራባይት ሙሉ እናገኛለን፥ ፍጥነቱም ያስደስታል። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ ጥራዝ በጥራዝ ለያይቶ በአራት ቤት እንደ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ቤት ሲቃጠል መጽሐፉ ጎደሎ ይሆናል። ለተማሪ መዝገብ ጨርሶ አይገባም። ሬይድ 1 ያንኑ ጽሑፍ በሁለት ዲስክ ላይ ይጽፋል፤ ከሚገዛው ቦታ ግማሹ ለቅጂው ይሄዳል።

ብልሃቱ የሚያስደንቀው ሬይድ 5 ነው። 7፥ 5 እና 8 የሚሉ ቁጥሮች በሦስት ዲስኮች ላይ ቢጻፉ፥ በአራተኛው ድምራቸው 20 ይጻፋል። 5 የተጻፈበት ዲስክ ቢጠፋ፥ ከ20 ላይ 7 እና 8 ሲቀነስ የጠፋው ይገኛል። (ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት ስሌት ከዚህ ይለያል፤ አሳቡ ግን ይኸው ነው።) በዚህ 3 ቴራባይት ይተርፈናል። ችግሩ ዲስኩ ትልቅ ሲሆን የጠፋውን መልሶ ለመጻፍ ብዙ ሰዓት፥ አንዳንዴም ቀናት መፍጀቱ ነው። በዚያ መካከል የቀሩት ሦስቱ ሳያርፉ ይነበባሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ከተሰበረ ሁሉም ጠፋ። ስለዚህ ሬይድ 6 ሁለት ዲስክ ቢሞት እንዲችል ተደረገ፤ ከአራቱ ግን 2 ቴራባይት ብቻ ያስቀራል።

ይሁን እንጂ አራቱም ዲስኮች በአንድ ሣጥን፥ በአንድ ክፍል ናቸው። ሌባ ሣጥኑን ቢወስድ፥ ወይም አንድ ሰው ተሳስቶ መዝገቡን ቢሰርዝ፥ ሬይድ አያድንም፤ ስሕተቱንም ወዲያው በሁሉም ላይ ይጽፈዋል። ይህ መቅደላን ይመስላል።

ስለ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ምርጫው ለእኛ ቢተው፥ ያን ያህል ብዙ ስላልሆነ ሁለት ዲስክ በሬይድ 1 እናደርጋለን፤ ለሬይድ 5 የሚወጣውን ገንዘብ ደግሞ ለሦስተኛ ዲስክ እናውለዋለን። ይህ ዲስክ በየሳምንቱ ተገልብጦ ከኮምፒዩተሩ ይነቀልና ከግቢው ውጭ በሌላ ቤት ይቆለፍበታል፤ በየወሩም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መነበቡ ይፈተናል።