የሬጃፍ ፊደላትና የኮምፒዩተር ቁጥሮች

ከጁባ ከተማ በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳርቻ፣ ሬጃፍ የምትባል ትንሽ ስፍራ አለች። እ.ኤ.አ. በ1928 የእንግሊዝ ሹማምንትና ሚስዮናውያን እዚያ ተሰብስበው ዲንካ፣ ኑዌር፣ ባሪ፣ ሽሉክ፣ ሎቱኮና ዛንዴ በላቲን ፊደል ተጽፈው ለትምህርት እንዲውሉ መከሩ። የፊደል አማካሪያቸው ጀርመናዊው ሊቅ ዲድሪክ ቬስተርማን ነበሩ። የላቲን 26 ፊደላት ስላልበቁ ክፍት «ኤ»፣ ክፍት «ኦ» እና ጅራታም «ን» ተጨመሩ። በዲንካ ትንፋሽ የተቀላቀለበት አናባቢ ዛሬ በራሱ ላይ ሁለት ነጥብ ይደረግበታል። ነጥቡ ጌጥ አይደለም፤ ቢወድቅ ቃሉ ሌላ ሊሆን ይችላል።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካኖች ያወጡት አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ እኛም አልገባንበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የየራሱን ቁጥር አወጣ፤ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ኮርያውያንም ከዚህ ችግር አላመለጡም። ፊደሎቻቸውን አገጣጥመው 11,172 የቀለም ቅርጾች ሊሠሩ ሲችሉ፣ የ1987ቱ ደንባቸው የያዘው 2,350 ብቻ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ በ1996 ሁሉንም አስገባላቸው። የእኛ ፊደል የገባው በ1999 ነው፦ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616። ልዩነቱ ስምንት የሆነው ከሰባቱ ቤቶች ሌላ እንደ «ሏ» ላሉት ስምንተኛ ቦታ ስለተተወ ነው።

ወደ ጁባ እንመለስ። ባለ ሁለት ነጥቡ «ኦ» ጀርመኖች ስለሚጽፉበት ብቻውን ቁጥር አለው። የዲንካው ባለ ነጥብ ክፍት «ኦ» ግን የለውም፤ 596 ተብሎ ፊደሉ፣ ቀጥሎም 776 ተብሎ ነጥቡ ይጻፋል። ቀድሞ በአውሮፓ ማሽን የተጻፈ ቋንቋ ምን ያህል እንደተጠቀመ ከዚህ ይታያል።

የተማሪዎችን መዝገብ በኮምፒዩተር የሚይዝ መምህር ይህን ልብ ይበል። ባለ ነጥቡ «አ» በ228 ወይም በ97 እና 776 ሊጻፍ ይችላል። ለዓይን አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት። በአንዱ መንገድ የተመዘገበ ልጅ በሌላው ሲፈለግ «እንዲህ ያለ ተማሪ የለም» ይባላል፤ ልጁ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጧል! እኛም በሥልጠና ላይ ይህን አይተን ጥፋቱን በመዝጋቢው ላይ አላክከን ነበር። መድኃኒቱ ስሞቹን ከማስቀመጥና ከማነጻጸር በፊት ወደ አንድ አጻጻፍ መመለስ ነው። ክፍቱ «ኦ» ከዚያም በኋላ ሁለት ቁጥር እንደሆነ ይቀራል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ረጅም ስም ሲቆርጥ በ596 እና በ776 መካከል እንዳይቆርጥ መታዘዝ አለበት።