የማይታረድ ሥጋ

በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ዘንድ ዓሣ መልካም ስም የለውም። አንዱ ተረት «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይለናል፤ ሌላው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ብሎ ይዘጋዋል። የፊተኛው አጥማጁን ያስፈራራል፤ የኋለኛው በላተኛውን ያጸይፋል። ስለ ጣዕሙ የሚመሰክር አባባል ግን እኔ አልገጠመኝም። ስለ በሬው፣ ስለ ቅቤው፣ ስለ ማሩና ስለ ጠጁ ተናግሮ የማይጠግብ ቋንቋ ዓሣ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን መያዙ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የተረቱ ባለቤት በአብዛኛው የደጋ ገበሬ ነው፤ ዓሣውን የሚያውቀው ደግሞ በወሬና በሽታ ነው።

የእኛን አገር ማየት ይበቃል። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ካርታ ለሚያይ ሰው ግን ምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ በወንዝ የታጠረ ግቢ ይመስላል፤ በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ፣ በደቡብ ወለቃና ጃማ ይከቡታል። ሦስቱም ገባሮች ከታላቁ ወንዝ ጋር ሲገናኙ ዓሣ ይዘው ነው። ታዲያ ምን ይሆናል፣ ወንዙ ይታያል እንጂ አይደረስበትም። ዓባይን ለመንካት ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ፣ ከወባና ከሐሩር ጋር መታገል፣ ከዚያም ያንኑ ዳገት ሽቅብ መቧጠጥ ያሻል። በሐሩር የተያዘ ዓሣ በሰው ጀርባ ወይም በአህያ ተጭኖ ደጋ እስኪደርስ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። «ግማቱ ከአናቱ» ያለው ሰው ምሳሌ ከመናገሩ በፊት የዓይን ምስክር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የቆላው ሰው ግን ዓሣውን ትኩሱን ያገኘዋልና ሌላ ታሪክ አለው። በአገራችን ከመረብና ከመንጠቆ ቀድሞ የሚታወቀው መሣሪያ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድልና ውኃው ኩሬ ኩሬ እየሆነ ሲቀር ፍሬው ተወቅጦ ይበተንበታል፤ ዓሣውም ትንፋሽ አጥቶ፣ ሰክሮ እንደ መንሳፈፍ ይላል። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ዓሣውን የሚያፍነው እርሱ ነው። (እንዶድም የዚህ ወገን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለቢልሃርዝያ ምርምር በር ከፍቷል።) ብርብራ ብልሃት ነው፤ ክፋቱ ግን ትልቁን ከጫጩቱ አለመለየቱ ነው። አንድ ኩሬ አንዴ ከተበረበረ ለከርሞ የሚቀር ዘር የለውም።

ይህ ሁሉ ስለ ማጥመድ ነው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዓሣ በወሎ ማዕድ ላይ የያዘው ልዩ ሥፍራ ነው። እርሱን ለመረዳት ከሥጋ መጀመር ግድ ይላል።

ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ በአንድ ደቦ አርሶ፣ በአንድ ዕድር ቀብሮ የሚኖርበት አገር ነው። ይህ የሚወደስ ነገር ነው፤ ሲወደስም ኖሯል። ውዳሴው ብዙ ጊዜ የሚዘለው አንድ ነገር ግን አለ፤ ሥጋ። በስመ አብ የታረደውን ሙስሊሙ አይበላም፤ በቢስሚላህ የታረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። የክርስቲያን ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤቶች ሙክት ይለያል፤ የሚያርደው ሙስሊም፣ የሚሠራውም ሙስሊም፣ ድስቱና ጭልፋው ሳይቀር ለብቻ ይሆናል። በሙስሊሙ ሠርግም እንዲሁ። ይህን እንደ መለያየት የሚያዩት አሉ፤ እኔ እንደ ጨዋነት ነው የማየው፤ ሰው የጎረቤቱን ሃይማኖት አክብሮ ሁለት ድስት መጣዱ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ድስቱ ሁለት ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ በጨዋነት አልታለፈም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ሸፈቱ። በዚያ ዘመን ሰው በአፉ ያለውን በማዕዱ ይመረመር ነበር፤ የሌላውን ካራ ሥጋ መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠራልና። ሥጋ ምግብ ብቻ ሳይሆን ምስክር ነበር።

ዓሣ ግን አይታረድም። በእስልምና ሕግ የዓሣ ሥጋ ያለ ቢላዋ፣ ያለ ቢስሚላህ አራጅ የተፈቀደ ነው። በክርስቲያኑም ዘንድ ዓሣ ላይ በስመ አብ ብሎ ካራ የሚያሳርፍ የለም። ከውኃ ወጥቶ ይሞታል፤ በቃ። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን ከአንድ ትሪ የሚነሣ ሥጋ ቢፈለግ ያለው ይኸው አንዱ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም በመጽሐፋቸው አንድ የዓሣ ታሪክ አላቸው፤ ክርስቲያኑ ዮናስ ይለዋል፣ ሙስሊሙ ነቢዩ ዩኑስ።

ፍጹም አንድ ማዕድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቢላዋ ያልለየውን ቅርፊት ይለየዋል። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ስለሚከለክል፣ አምባዛን ብዙ ክርስቲያን አይነካውም። ጾሙም አለ። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል፤ በዚያ ጊዜ ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር በቤታችንም፣ በደጀ ሰላሙም አልተዘጋም። በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ዓሣ ከሽሮና ከምስር ጋር በጾም ምግብ ተራ ተጽፎ ታዩታላችሁ፤ ያንኑ ዝርዝር አንብበው በቁጣ የሚወጡ ሰዎችም አውቃለሁ።

አሁን ወደ ሐይቅ እንውጣ፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትገኘው። የቦረና ሰው ለሐይቅ እንግዳ አይደለም። የመጽሐፈ ምሥጢርና የሰዓታቱ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የተማሩት በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ ስማቸውን የሰጣቸው የጋስጫ ገዳም ደግሞ በእኛ በቦረና ምድር ይገኛል። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ወደዚያ የዘለቁት አባ ጊዮርጊስ በዚያ ውኃ ዳር ሲፈጩና ሲያነቡ ግን ዛሬ እኛ ከሐይቅ ጋር አብረን የምናስበው ቆሮሶ በውኃው ውስጥ አልነበረም። ቆሮሶ ወደ ሐይቅ የገባው በሰው እጅ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። በገዳሙ ሰባት መቶ ዓመት ሚዛን ሲለካ ትናንት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ተራብቶ የሐይቁ ዋና ዓሣ ሆነ፤ የዓሣ ቤቶቹንም ያቆመው እርሱ ነው።

በባንክ ሥራ ምክንያት ወደ ደሴ በተመላለስኩባቸው ዓመታት፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ሐይቅ መውጣት የማይታለፍ ልማድ ሆኖ ነበር። ዓሣ ቤቶቹ ለመናገር የሚያበቃ ጌጥ የላቸውም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን። ቆሮሶው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ሰንበር ሰንበር ተደርጎ ከነራሱ በፈላ ዘይት ይገባል። ሲወጣ ጅራቱ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። አዋዜ፣ ሎሚ፣ ዳቦ ወይም እንጀራ ይቀርባል። የለመደ ሰው ከጀርባው ይጀምራል፤ ያለመደ ሰው ሆዱ ላይ ገብቶ በአጥንት ይሰቃያል። ከሁሉ የማስታውሰው ግን ጣዕሙን አይደለም። በሥራ ቀን ምሳ ስንወጣ ክርስቲያኑ ወደ አንዱ ሥጋ ቤት፣ ሙስሊሙ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር፤ «በኋላ እንገናኝ» ተባብለን እንለያያለን። ሐይቅ ስንወጣ ግን አምስት ሰው አንድ ትሪ ይከባል። ማንም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም። «ማን አረደው» የሚል ጥያቄ የሌለበት የሥጋ ማዕድ ምን ያህል ሰላማዊ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩት የወሎ ሰዎች የዓሣ ትዝታቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ከደሴ እስከ አሰብ የሚወርደው መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ነው፤ የጭነት ሾፌሮችም እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ ተመላልሰውበታል። አሰብ ወይም ምጽዋ የደረሰ ሽማግሌ ሾፌር ካገኛችሁ ስለ ወደቡ ጠይቁት፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ዓሣው ላይ ነው። ምጽዋ ላይ ዓሣው በጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ በርበሬ ይቀባል፣ እንደ የመኖች ወግ በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ይጋገራል፤ ከትኩስ ቂጣ ጋር በእጅ ይበላል። የባሕሩ ዳር ሰው በዓሣ መታወቁም አዲስ ነገር አይደለም፤ የጥንት ግሪኮች የቀይ ባሕርን ዳርቻ ነዋሪዎች «ዓሣ በሎች» እያሉ ጽፈዋቸዋል። ስሙ የአድናቆት አልነበረም።

ዓሣ የሚበላን ሰው በዓሣው መናቅ ግን የግሪክ ብቻ አይደለም። ጣና ላይ እኛም አድርገነዋል። ወይጦዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ጣናን ሲቀዝፉ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ጉማሬ ሲያድኑ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስን ጨምሮ ብዙ መንገደኛ ጽፎላቸዋል። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ ጉማሬ በመብላታቸው ምክንያት ግን ሙስሊሙ ጎረቤታቸው እንደ ሙስሊም አልቆጠራቸውም፤ ክርስቲያኑም ከበራፉ አላስቀረባቸውም። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁለቱን ወገን በአንድ ትሪ የሚያስቀምጠውን ሥጋ ሲያጠምዱ የኖሩት ሰዎች ሁለቱም ወገን ከትሪው ያራቃቸው ናቸው። በባሕር ዳር ምግብ ቤቶች ተቀምጦ የጣናን ዓሣ ያመሰገነ ሁሉ ይህን አውቆ ቢያመሰግን ደስ ባለኝ።

ከጣና ዓሦች እኔ የምመርጠው ነጭ ዓሣ የሚባለውን ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንዶቹን ለሳይንስ አስተዋውቋል፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን 15 ያህል ልዩ ልዩ ዝርያ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዳለ አሳየ። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ የነበረው የዚህ ዓይነት የዓሣ ቤተሰብ ስለጠፋ በዓለም ላይ የቀረው የጣናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ በመጣ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ገባ። ለድሀ አጥማጅ መልካም ነገር ነበር። ነገር ግን ነጭ ዓሣ በክረምት ዕንቁላሉን ሊጥል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲወጣ መረቡ አፋቸው ላይ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱም ያንን የጥንቱን ብርብራ ይዞ ይጠብቀዋል። ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ተጨመረ። ዕንቁላል ያለበትን ዓሣ የሚወድ በላተኛ አለ፤ ዓሣ ቤት ገብቶ «ዕንቁላል ያለው ስጡኝ» የሚል። እኔ በበኩሌ ክረምት ላይ ነጭ ዓሣ ማዘዝ ትቻለሁ።

ባለፉት ዓመታት በዓባይ ላይ ሌላ ሐይቅ ተወልዷል። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውኃ መያዝ ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከኋላው እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ዓሣም ይጠመድበታል። የበሽሎ፣ የወለቃና የጃማ ውኃ፣ ከቦረና ገደል ሥር ሺህ ሜትር ወርደን የማንነካው ያ ውኃ፣ አሁን እዚያ ቆሟል። ዓሣው አንድ ቀን መካነ ሰላም ቢደርስ ግን በወንዙ አይደለም፤ በረዶ ተነስንሶበት፣ በመኪና፣ በአዲስ አበባና በደሴ ዞሮ ነው።