ቀፊራ በሽልንግ ዘመን

ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ በቅስቶቹ በር ቀፊራ ገበያ የገባ ሰው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ ጊዜ ይሰማል። በ1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ግን የተቀላቀለው ቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘቡም ነበር።

መጋቢት 20 ቀን የደቡብ አፍሪካ ጦር ከተማዋን ያዘ። ከጦሩ ኋላ በሰር ፊሊፕ ሚቸል የሚመራ የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት ተከተለ፤ ስሙም «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» ነበር። ጠላቱ ጣልያን ነው፤ ግዛቱ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ደሙን ሲያፈስ የኖረው የአርበኛው አገር ነበር። ጃንሆይ ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ እንግሊዞች ከጣልያን ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ሹመቱ እንደማይጸና ነገሯቸው።

ጃንሆይን የገደበው ግን ባዶው ግምጃ ቤት ጭምር ነበር። የጣልያን አስተዳደር ሲፈርስ ግብር የሚሰበስብ፣ ደመወዝ የሚከፍል አልቀረም። እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ አመጡ፤ 24 የጣልያን ሊሬ በአንድ ሽልንግ ተተመነ። ሕዝቡ ግን የሚያምነው 1780 የተጻፈበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ወረቀት ይቀደዳል፣ መንግሥትም ይሄዳል፣ ብር ግን ብር ነው።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ጃንሆይ የመንግሥታቸውን ሥልጣን መልሰው ያዙ። እንግሊዝም ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ልትሰጥ ቃል ገባች፤ ቀጥሎ ግማሽ ሚሊዮን፣ በመጨረሻም 250 ሺህ። ገንዘቡ ከአማካሪዎች ጋር ነበር የመጣው። የድሬዳዋ የጦር ሰፈርና የምድር ባቡሩም በእንግሊዝ እጅ ቀሩ፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ሐዲድ የከተማዋ እስትንፋስ ነበርና የቀፊራ ሰው ነጻነቱን ግማሽ አድርጎ ነበር የቀመሰው።

ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈረመ፤ የጦር ሰፈሩ እንዲለቀቅ፣ ባቡሩም እንዲመለስ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 16 ቀን የኢትዮጵያ የራሷ ገንዘብ ወጣ። ወረቀት ለማያምነው ነጋዴም ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን ተሠራለት። ሕዝቡ በማርያ ቴሬዛ ብር የለመደውን የብር ማዕድን በራሱ ንጉሥ ምስል እንዲያገኘው ታስቦ ነበር። እኔ የዚያን ዘመን ነጻነት የምለካው በዚያች ሳንቲም ነው፤ ድል የተገኘው በ1933 ቢሆንም፣ በገበያተኛው መዳፍ ላይ የደረሰው በ1937 ነው።