የረግረግ ጋዝ ታሪክ



በጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች አንዲት ወረቀት እንኳ በከንቱ እንዳትጣል እንጠነቀቃለን። በዓለም ላይ ግን በየነዳጅ ዘይት ጕድጓዱ አጠገብ ሌሊትና ቀን በከንቱ የሚነድ ሀብት አለ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2023 ብቻ ከ140 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ጋዝ እንዲሁ ተቃጥሏል፤ አብዛኛውም ሚቴን ነው። ይህ ሁሉ ስለ ምን ይባክናል ቢሉ፥ ነገሩን ከመነሻው መመልከት ይገባል።

በዚሁ አቈጣጠር በ1776 ኢጣሊያዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ በማጆሬ ሐይቅ ዳር ጭቃውን በበትር እየነካካ የሚወጣውን አረፋ በጠርሙስ አጠራቀመ፤ በእሳት የሚነድ መሆኑንም ገለጠ። ይኸው ጋዝ ከአንድ ካርቦንና ከአራት ሃይድሮጅን የተሠራ ነው። ማሠሪያው እጅግ የጠበቀ ስለ ሆነ ከማንደድ በቀር ለሌላ ሥራ ማዋሉ ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ኖረ።

መንገዱን የከፈተው፥ ስዊድናዊው ቤርሴልዩስ በ1835 ካታሊሲስ ብሎ የሰየመው ኀይል ነው። ካታሊስት እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ ባለጉዳዮቹን ያስማማል፥ ራሱ ግን ሳይጐድል ይመለሳል። በ1930ዎቹ ፋብሪካዎች ሚቴንን ከውሃ እንፋሎት ጋር ቀላቅለው፥ ከ700 ዲግሪ በላይ በጋለ ኒኬል ላይ እያሳለፉ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣት ጀመሩ። ከዚህም ማዳበሪያና ሜታኖል ይሠራል፤ በገበሬው ማሳ የሚበተነው ዩሪያ በብዛት የዚህ ሥራ ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ታላቅ ሙቀትና ታላቅ ፋብሪካ ይጠይቃል። ከሩቅ በረሓ ጕድጓድ የሚወጣው ጥቂት ጋዝ ይህን ወጪ አይሸፍንም፤ ስለዚህ ይቃጠላል። ሳይነድ ሲያመልጥ ደግሞ በመቶ ዓመት ሚዛን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል።

ስለዚህ ሊቃውንት ሚቴንን ባንድ እርምጃ ወደ ሜታኖል የሚለውጥ ካታሊስት ይሻሉ። ችግሩ ሜታኖል ከሚቴን ይልቅ ፈጥኖ መቃጠሉ ነው፤ ሥራውን ከማስጀመር ይልቅ በጊዜው ማቆም ይከብዳል። በ1998 በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በጋለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በፕላቲነም ተረድተው፥ ከሚቴኑ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሜታኖል ወደሚወጣበት ውሑድ ለወጡ። ሆኖም ምርቱን ከአሲዱ መለየት ውድ ስለ ሆነ ነገሩ ከቤተ ሙከራ አላለፈም።

የሚያስደንቀው ግን በረግረግና በሐይቅ ጭቃ የሚኖሩ ረቂቃን ባክቴሪያዎች በብረትና በመዳብ እየተረዱ ይህንኑ ሥራ ያለ እሳት መፈጸማቸው ነው። ቮልታ በበትሩ ጋዙን ከጭቃ አወጣ፤ የዛሬ ሊቃውንት ደግሞ ዘዴውን ከዚያው ዐይነት ጭቃ ለመማር ይደክማሉ። እንግዲህ በጕድጓዱ አጠገብ የሚታየው ነበልባል ገና ያልተፈጸመ ትምህርት መሆኑን ልብ ይሏል።